የአባቴ ውጅግራ

ጠመንጃ ይዞ፥ ወልውሎና አስጠግኖ ማኖር የሚወድ ሰው ሲያወራ የሚያነሣው ተኳሹን ነው። እኔም እንዲሁ ነበርሁ።

ከአባቴ የወረስሁት ጠመንጃ ውጅግራ ነው። ስሙ ፉዚል ግራ ከሚለው ከፈረንሳዮች አጠራር የመጣ ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የ1874 ሥሪት ሆኖ፥ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፥ የሚጎርሰውም አንድ ጥይት ብቻ ነው። አያቴ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ይዘውት እንደ ዋሉ በቤታችን ይነገር ነበር። ቤታችን ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች ስለ ነበረ፥ ታቦቱም ዓድዋ ዘምቶ ስለ ተመለሰ፥ በልጅነቴ ጠመንጃውንና ታቦቱን እንደ ጓደኛሞች እቆጥራቸው ነበር።

አባቴ ከተኮሱበት በኋላ አፈሙዙን በፈላ ውኃ ያጥቡታል። ብዙ ሰው ውኃ ብረት ያዝጋል ብሎ ይህን ይፈራል፤ ነገር ግን የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት የሚስብ ስለ ሆነ፥ በውኃ ካልታጠበ ዘይቱ ብቻውን አያድነውም። ታጥቦ፥ ደርቆ፥ ከዚያ ዘይት ይቀባል። ይህን ከእሳቸው ተምሬ ጠመንጃ አዋቂ የሆንሁ መሰለኝ።

በ1957 ዓ.ም. አባቴ ከገጠር ሲመለሱ፥ ቀለሁን ነቅሎ የሚያወጣው ትንሽ መንጠቆ ተሰብሮ ነበርና ሠራተኛ ሰፈር ወስጄ እንዳሠራው አዘዙኝ። ሠራተኛ ሰፈር የአፄ ምኒልክ አንጥረኞችና ቀጥቃጮች የሰፈሩበት ነው። መዝጊያውን ከፈትሁ፤ ምንም አልወጣም። ባዶ ነው አልሁና በትከሻዬ አንግቤ በጊዮርጊስ አደባባይ በሰው መካከል እየተንጎራደድሁ አለፍሁ።

ሠሪው በአባቴ ዕድሜ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። እኔ ግን፥ «ባዶ ነው፤ አይቼዋለሁ፤ ቶሎ ሥራልኝ» አልኋቸው፤ አንተ ብዬ።

መዝጊያውን አወጡና ትንሿን ጣታቸውን ጥይቱ ወደሚያድርበት ክፍል አስገቡ። ጥቂት ዝም አሉ። «ልጄ፥ ዓይንህ ምንም አላየም፤ ጣትህስ ምን አለ?» አሉኝ።

ጥይቱ እዚያው ነበር። መንጠቆው ስለ ተሰበረ መዝጊያው ሲሳብ ሳይከተለው ቀርቷል። ያን ሁሉ ሰው በጎረሰ ጠመንጃ ፊት ነው ያለፍሁት። ሰውየው በቀጭን እንጨት ከአፈሙዙ በኩል ቀስ አድርገው ገፍተው አወጡት። ከዚያም ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቆርጠው መንጠቆ ሞረዱ፤ አግለው ዘይት ውስጥ ነከሩት፤ ጠንክሮ እንዳይሰበር ደግሞ መልሰው በእሳት አለዘቡት።

አባቴ ሊከፍሉ በመጡ ጊዜ ስለ ጥይቱ ይነግሩብኛል ብዬ ተንቀጠቀጥሁ። «መንጠቆው ተሰብሮ ነበር» አሉ እንጂ ሌላ አልተናገሩም። አባቴ ገንዘቡን ሰጡ፤ የቀረበላቸውን ቡና ግን አልቀመሱም።

በዚያው ሰሞን በቤታችን ማኅበር ነበር። አንድ እንግዳ፥ ልጅህን ወደ ቡዳ ቤት ለምን ትልካለህ፥ ብሎ አባቴን ወቀሰ። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር በ1900 ዓ.ም. ካወጁ 57 ዓመት ሆኖ ነበር። ሁሉም ሳቁ። ጠላ እየቀዳሁ ነበር፤ እኔም ፈገግ አልሁ። ዓድዋ የዋለ የጠመንጃ ሞላ ሲደክም፥ ሰደፉም ሲሰነጠቅ፥ አያቴ ወደ ማን ይሄዱ ኖሯል? ይህ ጥያቄ በዚያች ማታ አልመጣልኝም።

ዛሬ ጠመንጃው የሚኖረው በፈቃድ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላልና። ጥይት የለውም። እኔ ግን ልወለውለው ባወረድሁ ቁጥር አስቀድሜ ትንሿን ጣቴን አስገባለሁ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።

ከዚያ ማኅበር ስድስት ዓመት በኋላ ይቅርታ ልጠይቃቸው ወደ ሠራተኛ ሰፈር ሄጄ ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ወናፉን ልጃቸው ይነፋ ነበር። «እንደምን ዋሉ?» አልኋቸው። በድምፄ ዐወቁኝ።

«መንጠቆውስ ይዟል ወይ?» አሉኝ።

«ይዟል» አልኋቸው። ቡናውን ጠጣሁ። የመጣሁበትን ነገር ግን ሳልናገር ተመለስሁ።