ፍርሃትና እፍረት በአንድ ኮርቻ

ለሦስት ዓመታት ያህል ብስክሌቴን ደብቄ ኖሬአለሁ። ሰው ዕዳውን ይደብቃል፤ ሕመሙን ይደብቃል፤ ገጣሚ ነኝ ባይ ደግሞ ያልሰመረለትን ግጥም ይደብቃል። እኔ ግን ሁለት ጎማና አንድ ኮርቻ ያላትን፣ ማንንም ያልበደለች ንብረቴን ከሰው ዓይን ስሸሽግ ከረምኩ። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ይህን ልናዘዝላችሁ ነው፤ ኑዛዜው ትንሽ ቢረዝም ታገሡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ጀሞ ነው፤ የምሠራው ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ፣ በብድር ክፍል። ጠዋት ጠዋት በመካኒሳ አድርጌ ወደ ሳር ቤት፣ ከዚያም ወደ ሜክሲኮ እጓዛለሁ። ከቅርንጫፋችን ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ አንድ ጎሚስታ አለ። ብስክሌቴን እዚያ ግቢ ውስጥ፣ ከተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች ኋላ አስቀምጣለሁ፤ ላቤን አደርቃለሁ፤ ሸሚዜን እቀይራለሁ፤ ከረባቴን አስራለሁ፤ ከዚያም ከታክሲ እንደ ወረደ ሰው ቀስ ብዬ እየተራመድኩ ሥራዬ እገባለሁ። ለዚህ አገልግሎት በየቀኑ ጥቂት ብር እከፍል ነበር። አንድ ቀን የሙያ ልማድ ሆኖብኝ የሦስት ዓመቱን ክፍያ ብደምረው፣ የብስክሌቷን ግማሽ ዋጋ አልፎ አገኘሁት። የይሉኝታ ወለድ እንዲህ ሳይታወቅ ነው የሚጠራቀመው።

ልማዱ የተጀመረው በአንዲት ቀልድ ነው። ብስክሌቷን በገዛሁ ሰሞን እስከ ቅርንጫፉ በር ድረስ እየነዳሁ እመጣ ነበር። አንድ ጠዋት አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ደንበኞች በተሰበሰቡበት፣ «አበዳሪው በብስክሌት ከመጣ ተበዳሪው በምን ሊመጣ ነው?» አለ። ሁሉም ሳቁ። ከሁሉም አስበልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ፤ የሚያፍር ሰው ሳቁ ከፍ ይላልና። በማግሥቱ ጎሚስታውን አገኘሁት።

ቀልዷ ያመመችኝ እውነት ስለ ነካች ነው። ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት የሚቀመጡት ሰዎች አብዛኞቹ መኪና ለመግዛት የሚበደሩ ናቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ የሚመጣው ማመልከቻ ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። ስለ ባትሪ እጠይቃለሁ፤ የሻንሲ ቁጥር እመዘግባለሁ፤ የሰዎችን መኪና በወረቀት ላይ ስነዳ እውላለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከአሮጌ ጎማዎች መካከል ብስክሌቴን ጎትቼ አወጣለሁ።

ብስክሌት የሚታፈርበት ዕቃ ሊሆን እንደሚችል ግን አዲስ አበባ እስክገባ ድረስ አላውቅም ነበር። የተወለድኩት ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ከጣና ዳር እስከ ገበያው፣ በዘንባባዎቹ ጥላ ሥር፣ መምህሩም ነርሱም የቀን ሠራተኛውም በብስክሌት ሲመላለስ አይቼ ነው ያደግሁት። አባቴ መምህር ነበር። የሱሪውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ከትቶ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ ቻይና ሠራሽ ብስክሌቱ ላይ ሲወጣ፣ እኔ የተማሪዎቹን ደብተሮች ታቅፌ ከኋላው እቀመጣለሁ። መንገደኛው ሁሉ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» ይለዋል። እሱም አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ ባርኔጣውን ነካ ያደርጋል። በልጅነት ልቤ ያች ብስክሌት ዙፋን ነበረች፤ እኔም ከዙፋኑ ኋላ የተቀመጥኩ አልጋ ወራሽ።

«አዲስ አበባ ለብስክሌት አትሆንም፤ ዳገት ናት» ይሉኛል። እውነት አላቸው። ከተማችን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ አናት ጀምራ ወደ አቃቂ ታዘነብላለች። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ስትሆን፣ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ የሚተነፈሰው አየር ከ2,300 ሜትር በላይ ያለ ስስ አየር ነው። ጠዋት ወደ ሰሜን ስለምሄድ ዳገቱ የእኔ ነው፤ ማታ ደግሞ ቁልቁለቱ ይክሰኛል። ነገር ግን ሳንባ ይለምዳል። በሁለተኛው ወር ላይ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ያቃጠለኝ አቀበት የግጥም ስንኝ የማሰላስልበት ቦታ ሆነልኝ። ከዳቦ ቤቱ የሚወጣው ትኩስ ሽታ፣ በየበሩ የሚቆላው ቡና፣ ዝናብ ያራሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠረን፣ የመስኮት መስተዋት ከልሎኝ ቢሆን ኖሮ ለእኔ የማይደርሱኝ ነበሩ። አልለመድ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱንም አንድ ቀን በገቢ ማድረጊያ ደረሰኝ ጀርባ ላይ እንዲህ ብዬ ጫርኩት፦

ዳገቱማ ያልቃል፣ ቀስ ብለው ሲገፉ፤
የሰው ዓይን ነው እንጂ፣ ከባዱስ ማለፉ።

ጥፋቱ የከፍታ እንዳልሆነ የሚያስረዳልኝ ምስክር አሥመራ ናት። እሷም እንደኛዋ ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት፤ ብስክሌት ግን እዚያ ክብር ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የአሥመራው ልጅ ቢንያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ጊዜ አንደኛ ወጥቶ አረንጓዴውን ማሊያ ሲወስድ፣ ያ ቀልደኛ ባልደረባዬ በስልኩ እያየ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨብጭቧል። እኔም አጠገቡ ቆሜ አጨበጨብኩ። ብስክሌቴ ግን በዚያች ሰዓት ከጎማዎቹ ኋላ ተደብቃ ነበር። እኛም ብንሆን ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። አገራችን በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ውድድር፣ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት። ሯጭነት የሁላችን ኩራት ሆኖ ሲቀር ብስክሌቱ ወደ ልጆች መጫወቻነትና ወደ ድሃ መጓጓዣነት ወረደ።

ከተማይቱ ግን በበኩሏ መንገድ ጀምራለች። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ አንዳንድ ጎዳናዎች ለመኪና ዝግ በሆኑበት እሑድ፣ በአስፋልቱ መካከል ስነዳ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ ደግሞ በብዙ ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መሥመር ተዘርግቷል። መሥመሩ ባለበት ሰው ሆኜ እነዳለሁ። መሥመሩ በተቋረጠበት ግን፣ በሚኒባስና በሲኖትራክ መካከል እንደ ተረሳ ነጠላ ሰረዝ እሆናለሁ።

የወደቅሁት እንደዚህ ባለ ቦታ ነው። ባለፈው ነሐሴ፣ ካፊያ እየጣለ፣ ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ጥጉን ይዛ የቆመች አንዲት የቤት መኪና በሯ ድንገት ተከፈተ። ፍሬን ያዝኩ፤ ጎማው በርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራተተ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሰማዩንና በላዬ ያጎነበሱትን ሰዎች ነው። ጉልበቴ ተልጧል፤ መዳፌ ይደማል። በመንገዱ ዳር ጀበና ጥዳ የነበረች ሴት ውኃ አመጣች። ከኋላው ትልቅ ሳጥን ጭኖ በብስክሌት ዕቃ የሚያደርስ አንድ ወጣት ቆሞ ብስክሌቴን አነሣ፤ የፊቱን ጎማ በጉልበቶቹ መካከል ይዞ የተጣመመውን መሪ አቀናልኝ። ከዚያም «አይዞህ ወንድሜ። አንተም ዴሊቨሪ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አዎ፣» አልኩት። «የባንክ ተላላኪ ነኝ።»

ተላላኪነት ነውር ሆኖ አይደለም። በዚያች ሰዓት በዚያ አስፋልት ላይ ከእኔ የተሻለው ሰው ያ ተላላኪ ነበር። ነውሩ የእኔ ነው። መዳፌ እየደማ እንኳ፣ «የብድር ባለሙያ ነኝ፤ በብስክሌት እሄዳለሁ» የሚለው አጭር ዐረፍተ ነገር ከአፌ አልወጣም። ገንዘብ ልሰጠው ኪሴን ስዳብስ እጄን ያዘኝና «ተው እንጂ፤ እኛ እኛ ካልተያየን ማን ያየናል?» ብሎኝ ሄደ። ያ «እኛ» የሚለው ቃል እስከ ጀሞ ተከተለኝ። በውሸት የገባሁበት «እኛ» ነበርና።

ባለቤቴ በዚያን ጊዜ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ቁስሌን ስታጥብ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከጨረሰች በኋላ ነው ቀስ ብላ «በብስክሌት በመሄድህ አንድ ቀን አላፈርኩብህም፤» ያለችኝ። «የምፈራው ሌላ ነገር ነው። በዘገየህ ቁጥር በር በሩን ማየት ደክሞኛል።»

በማግሥቱ ለሠራተኞች የሚፈቀደውን የመኪና ብድር ማመልከቻ ቅጽ አወጣሁ። ስሜን፣ ደመወዜን፣ የአገልግሎት ዘመኔን ሞላሁ። ለሌሎች ሰዎች በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ያስሞላሁት ቅጽ ነው፤ እጄ በራሱ ይሄዳል። «የብድሩ ዓላማ» ከሚለው መሥመር ላይ ስደርስ ግን ብዕሬ ቆመ።

ደንበኛን መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ብድሩን ለምን ፈለጉት? ለራሴ ጥያቄውን ሳቀርብ መልሱ ሁለት ሆነብኝ። አንደኛው «ልጄ አባት እንዳያጣ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ባልደረባዬ እንዳይስቅብኝ» የሚል ነው። ሁለቱ በአንድ ኮርቻ ላይ ተቀምጠው ለዓመታት አብረውኝ ሲጓዙ ኖረዋል፤ እኔም ሁለቱን «መንገዱ አስቸጋሪ ነው» በሚል አንድ ስም እጠራቸው ነበር። ፍርሃት ሊደመጥ ይገባዋል፤ ሚስት በር በሩን የምታይበት ፍርሃት ደግሞ ከሁሉ በላይ። እፍረት ግን ሲሰሙት ይበልጥ ይናገራል እንጂ አይጠግብም። የትኛው እንደሚፈርም ሳላውቅ መፈረም አልሆነልኝም። ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ለይቶ ለማወቅ አንዱን ማውረድ ነበረብኝ። መዳፌ እንደ ዳነ፣ በመስከረም አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ጎሚስታውን በሩቁ ሰላም ብዬ አለፍኩና እስከ ቅርንጫፉ በር ነዳሁ። ልቤ ከሳር ቤት ዳገት ይልቅ በዚያች ሦስት መቶ እርምጃ ላይ በረታብኝ። የጥበቃ ሠራተኛችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ብስክሌቴን ተቀብለው ከአጥሩ ጋር አስደገፏትና «ልጄ፣ እኔ እዚህ ቆሜ እያለሁ ሦስት ዓመት ሙሉ ለጎሚስታ ስትከፍል ታዝቤህ ነበር» አሉኝ።

ለካ ያውቁ ኖሯል! ለካ ሁሉም ያውቅ ኖሯል። የደበቅሁት ከራሴ ብቻ ነበር። ባልደረባዬም ያችን አሮጌ ቀልዱን ደገማት። በዚህ ጊዜ «ተበዳሪው ዕዳ እንዳይበዛበት እኔ ምሳሌ ልሁነው ብዬ ነው» አልኩት። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ በዚህኛው ሳቅ ግን ድምፄን ከፍ ማድረግ አላስፈለገኝም።

ፍርሃቱ ግን ቀረ፤ ሊቀርም ይገባዋል። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ውል ገባን። ሄልሜት ገዛሁ፤ በጨለማ የሚያበራ ሰደርያ ለበስኩ፤ ከፊትና ከኋላ መብራት አሰርኩ። ዝናብ በያዘበት ማታ ብስክሌቷ በጥበቃው እጅ ታድራለች፤ እኔ የታክሲ ሰልፍ እይዛለሁ። ከቆሙ መኪኖች በር ክንድ ሙሉ ርቄ እነዳለሁ። ልጃችን እግዚአብሔር ቢፈቅድ በየካቲት ይወለዳል። ያን ጊዜ ምናልባት ቅጹን ከመሳቢያው አወጣው ይሆናል፤ ሕፃን ልጅ በሌሊት ቢታመም በብስክሌት ሐኪም ቤት አይደርስም። ነገር ግን «የብድሩ ዓላማ» በሚለው መሥመር ላይ የምጽፈውን አሁን አውቃለሁ፤ እዚያ መሥመር ላይ የሰው ሳቅ ቦታ የለውም።

በመጨረሻ፣ ከሁሉ በላይ የደበቅሁት ከአባቴ ነበርና፣ ባሕር ዳር ደወልኩለት። በብስክሌት እንደምመላለስ፣ እንደ ወደቅሁ፣ እንደ ዋሸሁም ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። እመከራለሁ ወይም እገሠጻለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ በዚያ ደብተር በሚያርምበት ድምፁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦

«ፍሬኗ ይይዛል?»

«ይይዛል፣ አባባ።»

«ጥሩ። ጠዋት ጠዋት ከመውጣትህ በፊት ሞክረው» አለኝ። እየሞከርኩት ነው።