ዲንሾ፦ በአውሮፕላን ወይስ በመኪና?

ከአዲስ አበባ እስከ ባሌ ሮቤ በቀጥታ መስመር ቢለካ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን በአንድ ሰዓት ገደማ ያደርሳል። በመኪና ግን መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ከምሳና ከእረፍት ጋር ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ይወስዳል። ልጆቹን ይዞ ለመዝናናት ላሰበ ቤተሰብ ምርጫው ያለቀለት ይመስላል።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ነውና አንድ ነገር ላስታውስዎ፤ ማስታወቂያ የሚነግረን የበረራውን ሰዓት እንጂ ከቤት ደጃፍ እስከ ማረፊያው ድረስ ያለውን አይደለም። ከለንደን ፓሪስ የሚደረገው በረራ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ሆኖም ብዙዎች ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጀውን ባቡር ይመርጣሉ፤ ከመሀል ከተማ ተነስቶ መሀል ከተማ ያደርሳቸዋልና።

የእኛንም እንዲሁ እንቁጠረው። ወደ ቦሌ መሄጃው፣ ፍተሻው፣ ጥበቃው፣ በረራው፣ ሻንጣ መቀበሉ። ከዚያ ደግሞ አውሮፕላኑ ዲንሾን አልፎ ሮቤ ስለሚያርፍ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ መመለስ አለ። ሲደመር አምስት ሰዓት ይጠጋል። ትርፉ ስምንት ሳይሆን አራት ሰዓት ገደማ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ለአምስት ሰው አምስት ትኬት፣ እዚያም ሲደርሱ የመኪና ኪራይ አለ።

መንገዱም ባዶ አይደለም። በአዳማና በአሰላ በኩል ከሄዱ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የተነሱባትን በቆጂን ያልፋሉ። ከዚያ ዶዶላና አዳባ፣ የስንዴ ማሳ፣ በፈረስ ወደ ገበያ የሚወርድ ገበሬ። ልጆች አገር ሰፊ መሆኑን የሚረዱት በመስኮት እያዩ ነው።

ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለው እዚሁ ነው። የደጋ አጋዘንን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በግቢው ዙሪያና በጋይሳይ ሜዳ ላይ በእግር እየተጓዙ ይታያል። ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር ይሂዱ፤ የሚከፍሉት ገንዘብ ከዱር እንስሳቱ ጋር ጎረቤት ሆኖ ለሚኖረው ሰው ኑሮ ይሆናል።

የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ ማደሩ ሌላም ጥቅም አለው። በጎባ በኩል የሚወጣው የሰነቴ አምባ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከአውሮፕላን ወርዶ በዚያው ቀን ሕፃናትን ወደዚያ መውሰድ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊያስከትል ይችላል። ሰውነታቸው ይልመድ። ቀይ ቀበሮው በማግስቱም እዚያው ነው፤ በዓለም ላይ ከቀሩት ከ500 ያነሱ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ያለዎት ሦስት ቀን ብቻ ከሆነ ወይም አብረዋችሁ የሚጓዙ አረጋውያን ካሉ ይብረሩ፤ የበረራ ቀኖቹንም አስቀድመው ያረጋግጡ። አምስት ቀን ካለዎት ግን ንጋት 12 ሰዓት ላይ በመኪና ይነሱ። በየትኛውም ቢሄዱ ወፍራም ጃኬትና ጋቢ አይርሱ፤ በበጋ የሰነቴ ሌሊት ውሃ ያረጋል።