ኮኩራ፦ መጥረጊያ ይሸጥ የነበረው ደራሲ ከተማ

ልጄ ለትምህርት ፉኩኦካ ሳለች ልጠይቃት ጃፓን ሄጄ ነበር። «የት ልውሰድሽ እማዬ?» ስትለኝ ሱቅም አበባም አላልኳት። ከዓመታት በፊት በእንግሊዝኛ ያነበብኩትን የወንጀል ልብ ወለድ የጻፈው የሴይቾ ማትሱሞቶ ሙዚየም ነበር ያማረኝ።

ከሃካታ በፈጣኑ ባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ተጉዘን ኮኩራ ወረድን። በእግራችን የሙራሳኪን ወንዝ ተሻግረን ከጥንታዊው ግንብ አጠገብ ሙዚየሙን አገኘነው። ቶኪዮ የነበረው የጽሕፈት ክፍሉና ቤተ መጻሕፍቱ እንደነበሩ ሆነው እዚያ ተተክለዋል።

ማትሱሞቶ እ.ኤ.አ. በ1909 ተወልዶ በድህነት ያደገ፣ ከአንደኛ ደረጃ በላይ ያልተማረ ሰው ነው። የቢሮ ተላላኪ፣ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ፣ የጋዜጣ ማስታወቂያ ነዳፊ ሆኖ ሠርቷል። በጦርነቱ ጊዜ ኮሪያ ውስጥ የሕክምና ወታደር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ቤተሰቡን ለማኖር እየዞረ መጥረጊያ ሸጧል። የመጀመሪያ ታሪኩ የታተመው 40 ዓመት ካለፈው በኋላ ሲሆን፣ በ43 ዓመቱ ታዋቂውን የአኩታጋዋ ሽልማት ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ1992 እስኪሞት ድረስ ብዕሩን አላስቀመጠም።

«ነጥቦችና መስመሮች» በሚለው መጽሐፉ የምስጢሩ ቁልፍ በቶኪዮ ጣቢያ ባቡር እይታን የማይጋርድባት አራት ደቂቃ ናት። እሱ ግን «ማን ገደለ?» ብሎ አይበቃውም፤ «ለምን?» ይላል።

እኔን የያዘኝ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው «የአሸዋ ዕቃ» ነው። መርማሪው ኢማኒሺ የአንድን ጡረተኛ ፖሊስ ገዳይ ሲፈልግ፣ ከግድያው ሥር የተቀበረ የሥጋ ደዌ ታሪክ ያገኛል። በበሽታው ምክንያት ቀዬውን ጥሎ፣ ትንሽ ልጁን ይዞ የሚንከራተት አባት። ጃፓን ታማሚዎችን ከሰው ለይታ ታስቀምጥበት የነበረው ሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ፈዋሽ መድኃኒት ከተገኘ ከብዙ ዓመታት በኋላ።

በነርስነት ሥራዬ መጀመሪያ ላይ አንድ ወጣት ታማሚ አባቱን በየወሩ ለመድኃኒት ያመጣ ነበር። እሱ ከአጥሩ ውጭ ፊቱን ሸፍኖ ይቆማል። ለጎረቤት «አባቴ ሞቷል» ማለቱን ስሰማ ተናደድኩ። «በአባትህ ታፍራለህ?» ብዬ ሰው ፊት ጮኽኩበት። በቀጣዩ ወር ሁለቱም አልመጡም። ከዚያም በኋላ አላየኋቸውም።

የደራሲውን ጠረጴዛ እያየሁ ያ ልጅ ትዝ አለኝ። ሥራ ይከለከል፣ ሚስት ይነፈግ፣ ቤት ያጣ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። «ማን አጠፋ?» ብዬ ፈረድኩ እንጂ «ለምን?» አላልኩም። ደግሞም እያፈረ አባቱን ያመጣ ነበር።

በመልስ ባቡር ዝም ብዬ ስቀመጥ ልጄ «ምነው እማዬ?» አለች። ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ይህን ታሪክ ሃካታ እስክንደርስ አጫወትኳት።