ለማን ነው የምታሳዩኝ?

በሴሚስተሩ ዕረፍት ወደ ከሚሴ ስንወርድ ከሻንጣችን ውስጥ እጅግ የከበደን አንድ ደብተር ነበር። ሦስት ነን። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ስለ ፊልም ሥራቸው በየጊዜው ከሰጧቸው ቃለ ምልልሶች የቃረምነውን ሁሉ እዚያ ላይ ገልብጠናል። ምኞታችን ስለ ባቲ ገበያ አጭር ፊልም መሥራት ነው፤ አሥር ደቂቃ ብትሆን።

ከቃረምነው ሁሉ አንዱ አለቀን አለ። ጎንደር ያደጉት ኃይሌ በልጅነታቸው ሲኒማ ቤት ያዩትን የካውቦይ ፊልም ከጓደኞቻቸው ጋር ኮረብታው ላይ እየወጡ ይጫወቱት ነበር። ታዲያ ሁሌም የካውቦዮቹ ወገን ነበሩ፤ ቀይ ሕንዶቹ እንዲያሸንፉ አንድም ጊዜ አልፈለጉም። ይህን ስናነብ ተያየንና ሳቅን። መቼም በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ያደገ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ እኛስ ለማን ነበር ስናጨበጭብ የኖርነው?

ስለ ገንዘቡም ጽፈናል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ዐፄው ከዙፋን በወረዱበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም በሁለት ሳምንት ግድም አነሱት። «ጤዛ» ግን ገንዘብ እስኪገኝ 14 ዓመት ፈጀ፤ በ2008 ቬኒስ ላይ ተሸለመ። በመካከሉ «ሳንኮፋ»ን አከፋፋዮች አንወስድም ሲሏቸው ሲኒማ ቤት ራሳቸው እየተከራዩ አሳዩት። እኛ እንግዲህ ያለን አንድ የውሰት ካሜራ ነው።

ደብተሩን ይዘን ከሚሴ ውስጥ ሠርግ የሚቀርጽ ሰው ዘንድ ሄድን። «ፊልም ሠሪ» ስንለው ራሱ ሳቀ። ያዘጋጀናቸውን ትላልቅ ጥያቄዎች ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ልጆች፣ መጀመሪያ የማትቆሙበትን ቦታ ዕወቁ» አለን። የሴቶቹ ዳስ እሱ አይገባም፤ እዚያ የምትቀርጸው እኅቱ ናት። ቀትር ላይ ነጭ ጥምጥም ያደረገ ሰው ስታነሱ ፊቱ ይጠቁርባችኋል፣ ጥላ ፈልጉለት አለን። አቧራ ሲነሳ ካሜራውን በፌስታል ይጠቀልላል። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያዋ ያ ሁሉ ጥፋት ከደረሰ ወዲህ ካሜራውን ከሠርግ ቤት ውጭ አውጥቶት እንደማያውቅ ነገረን። «ማን ላከህ? ነው የሚሉህ። ምን ትመልሳለህ?»

እውነቱን ለመናገር ፈርተን ነበር። ቢሆንም ሰኞ በኮምቦልቻ ዞረን ባቲ ገባን። ከቆላ የመጣው አፋር፣ ኦሮሞው፣ ከደጋ የወረደው አማራ፣ ሁሉም ተገናኝቷል። አንድ ግመል የያዙ አዛውንት ዘንድ ቀርበን ካሜራውን ስናነሣ እጃቸውን ዘረጉና በኦሮምኛ ጠየቁን፦ ለማን ነው የምታሳዩኝ?

እኛ ደግሞ በአማርኛ መለስንላቸው!

እንዴት እንደሆነ ዛሬም አልገባንም። ሦስታችንንም እናቶቻችን ያሳደጉን በኦሮምኛ ነው። ስክሪፕቱን ግን የጻፍነው በግቢ ቋንቋ፣ ያሰብነውም በግቢ ቋንቋ፤ አዛውንቱ በፊልሙ ውስጥ የሚሉትን ሳይቀር እኛው ጽፈንላቸው መጥተናል። (ይህን የምንጽፍበትም ቋንቋ ያው ነው፤ አንባቢ ይታዘበን።) ጎንደር ኮረብታ ላይ የሚጫወቱት ልጆች ትዝ አሉን። አፈርን፤ በኦሮምኛ ይቅርታ ጠየቅን።

አዛውንቱ አልተቆጡም። «ለሌላ ሰው ሳታሳዩ አስቀድማችሁ ለኔ አሳዩኝ» ብለው ፈቀዱልን። ስክሪፕቱን አጥፈን ኪሳችን ከተትነው፤ ስለ ፈለጉት አወሩ።

በሳምንቱ ሰኞ ላፕቶፕ ይዘን ተመለስን። ግመሉ ገና አልተሸጠም። አንድ ሱቅ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው አዩት፤ በራሳቸው ፊት ላይ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

«ግመሌን አከሳችሁት» አሉ። «እንዲህ ሆኖ ያየው ሰው ምን ብሎ ይገዛኛል?»

ብድግ ብለው የአንዳችንን እጅ ያዙና በግመሉ ግራ በኩል፣ ትንሽ ራቅ አድርገው አቆሙን።

«ከዚህ ሆናችሁ አንሡት።»