ቃሉና ምድሩ

በግዕዝ «ገዳም» ማለት የመነኮሳት ማኅበር ብቻ አይደለም፤ ዱር፥ ሰው የማይኖርበት ምድረ በዳ ማለትም ነው። ይህን ለደቀ መዛሙርት ብዙ ዘመን ፈትቼአለሁ፤ ምድረ በዳውን ግን በእግሬ ረግጬው አላውቅም ነበር።

ባለፈው ጥር ከባለቤቴና ከልጆቻችን ጋራ ገና ሳይነጋ ከቦሌ ተነሥተን፥ በ1958 ዓ.ም. ወደ ተከለለው ወደ አዋሽ ፓርክ ወረድን። ቈላው እንደ ጋለ ምጣድ ሆኖ ቈየን። ባለቤቴ «ውኃ ይጨመር» ብትል፥ «ለአንድ ቀን መንገድ ይህ ይበቃል» ብዬ የቀረውን በመኪናው ውስጥ ተውሁት። ጠባቂው እየመራን በግራሩ መካከል ስንሄድ፥ ልጆቹ ሳላ ከሩቅ አይተው ሲደነቁ፥ እኔ የገዳምን ትርጓሜ እናገር ነበር።

በቀትር ጊዜ ታናሺቱ ልጄ «አባባ፥ ውኃ» አለችኝ፤ ኮዳው ባዶ ነው። የአዋሽ ድምፅ ከገደሉ ሥር ይሰማል፤ ነገር ግን ገደሉ ቁልቁል፥ ወንዙም አዞ ያለበት ስለ ሆነ መውረድ አይቻልም። ያን ጊዜ ቃል ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ባለቤቴ በነጠላዋ ሸፍና የያዘችውን አውጥታ፥ «አንቱ ሲያስተምሩ እኔ ውኃውን ያዝሁ» አለችና ልጅቱን አጠጣቻት፤ የተረፈውንም ለእኔ ሰጠችኝ።

አዋሽ ብዙ አገር አጠጥቶ፥ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን በአቤ ሐይቅ ይቀራል። የእኔም ትምህርት ብዙዎችን አጠጥቶ ለገዛ ልጄ ጥም አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል በፈታሁ ቍጥር የዚያችን ልጅ የደረቀ ከንፈር አስባለሁ።