እሺ ባይ ሁሉ አፍቃሪ ነው?

«ከወደድሽኝ ያልኩሽን ታደርጊያለሽ» የሚል ወንድ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አንድ ሁለቴ አጋጥሞኛል። መልሴ አጭር ነው፤ «ሂድና ኦቨርሎርድን እይ!»

ጃፓኖች ሰው ወደ ሌላ ዓለም የሚወሰድበትን ተረት ኢሴካይ ይሉታል። ኦቨርሎርድም አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በመጽሐፍ፣ በ2015 ደግሞ በካርቱን ፊልም ወጣ። የኮምፒዩተር ጨዋታ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ብቸኛ ተጫዋች የቆንጆዋን የአልቤዶን የጠባይ መግለጫ ይከፍትና «ሞሞንጋን ታፈቅራለች» ብሎ ይጽፍባታል። ሞሞንጋ ማን መሰላችሁ? ራሱ! ለቀልድ ነበር። ከዚያ ከነሎሌዎቹ ሌላ ዓለም ገባና አልቤዶ ነፍስ ዘርታ አበደችለት። እሱ ግን ጸጸተው እንጂ ደስ አላለውም። ምን ያድርግ፣ የገዛ ጽሕፈቱ እኮ ነው የምትወደው!

ሎሌዎቹ አገር የሚያጠፉ ኃያላን ናቸው፤ በጌታቸው ፊት ግን ልጆች። ሽማግሌው ሴባስ መንገድ ላይ የተጣለች ልጅ ሳያስፈቅድ አንስቶ አስታመመ። «ግደላት» ተባለ። ቡጢውን ሰነዘረ! ለካ ፈተና ኖሯል፤ ኮሲተስ የሚባለው ሎሌ ቡጢውን መከተለት። «ታማኝ ነው» ተባለ። እኔ እሷን ብሆን ግን ያቺን ቡጢ እንዴት ብዬ እረሳለሁ?

የሚገርመው፣ ከዚያ ቀደም ኮሲተስ ራሱ ያዘመተው ጦር በእንሽላሊት ሰዎች ተሸንፎ ሳለ «ጀግኖች ናቸው፣ አይጥፉ» ብሎ ለጠላቶቹ ለመነ። ጌታው ተቆጣ? ኧረ ምን ሲደረግ! «በራሱ አሰበ» ብሎ ደስ አለው። መንደሩንም እንዲያስተዳድር የሰጠው ለእሱ ነው።