ወንበር ፍለጋ

«ምን ላይ ነው የሚቀመጡት?» አለችኝ።

ፊዚዮቴራፒስት ናት። ዕድሜዋ የመጀመሪያ ልጄን ቢያክል ነው። እኔ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ግራ እግሬን ወደ ላይ አንስታልኝ፣ ከወገቤ ተነስቶ እስከ ባቴ የሚወርደውን እሳት እየቆጠርኩ ነበርና ጥያቄው በደንብ አልገባኝም። «የትርጉም ሥራ ነው የምሠራው፤ አርትዖትም አለበት…» ብዬ ጀመርኩ። አቋረጠችኝ።

«ሥራዎን አይደለም ጋሼ፤ ወንበርዎን ነው የጠየቅኩት።»

እስከዚያች ቀን ድረስ ስለ ወንበሬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ሀያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በቀን ስምንት ሰዓት፣ ሥራ ሲበዛ አሥር ሰዓት ተቀምጬበት ቀለሙ ምን እንደሆነ ብባል ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ጫማ ስንገዛ አጥልቀን ሱቁ ውስጥ ሁለት ጊዜ እንመላለሳለን። ሱሪ ስንገዛ ጓዳ ገብተን እንለካለን። ወንበር ላይ ሲሆን ግን የመጣልን ላይ ቁጭ ነው።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ከመቀመጤ በፊት አገላብጬ አየሁት። አራት የብረት እግር አለው፤ አንዱ አጥሮ ካርቶን ተደርጎበታል። ስፖንጁ ወደ ቀኝ ሸሽቷል። መደገፊያው በሽቦ ታስሯል፤ ማን እንዳሰረው አላውቅም፣ ምናልባት ከእኔ በፊት የነበሩት ሰውዬ ይሆናሉ። እሳቸው ጡረታ ከወጡ ቆዩ፣ ወንበሩ ግን አልወጣም።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ወንበር ብቻ ያይ ጀመር። እናላችሁ፣ የታዘብኩትን ልንገራችሁ። የኛ አለቃ ጀርባው ከራሳቸው በላይ የሚወጣ፣ ጥቁር ሌዘር የለበሰ፣ እንደ ልብ የሚሽከረከር ወንበር አላቸው። የሚቀመጡበት ግን በሳምንት አንድ ቀን ቢሞላ ነው። ስብሰባ አለባቸው፣ መስክ አለባቸው፣ ለቅሶ አለባቸው። ከደጃቸው ያለችው እትዬ ደግሞ (የቢሮው ሰው ሁሉ የሚጠራት እትዬ እያለ ነው) ከጠዋት እስከ ማታ ትጽፋለች። ሀያ ሰባት ዓመት ጽፋለች፤ መጀመሪያ በታይፕራይተር፣ ኋላ በኮምፒውተር። የእሷ ወንበር መደገፊያ የለውም። ነበረው፤ ወልቆ ስቶር ገባ፣ ከስቶር አልተመለሰም። ከቤቷ ባመጣችው ትራስ ላይ አሮጌ ነጠላ አጥፋ ደርባበት ነው የምትቀመጠው።

ይህ የኛ ቢሮ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፈርኒቸር ቤቶች ግቡና ጠይቁ። «ማናጀር ቼር»፣ «ሴክሬታሪ ቼር»፣ «ጌስት ቼር» ይሏችኋል። የወንበሩ ስም የሚወጣው በተቀማጩ ማዕረግ ነው። ስንት ሰዓት ይቀመጥበታል ብሎ የሰየመ የለም። ቢኖር ኖሮ ትልቁ የእትዬ፣ ትንሿ የአለቃችን በሆነች ነበር። ነገሩ ከቋንቋችንም ሳይጀምር አልቀረም። ወንበር በእኛ ዘንድ መቀመጫ ከመሆኑ በፊት ሥልጣን ነው። «ወንበር ያዘ» ስንል ተሾመ ማለታችን ነው፤ «ወንበሩን ለቀቀ» ካልን ወረደ። በአብነት ትምህርት ቤትም መምህሩ «ወንበር ተከለ» ሲባል ጉባኤ ዘረጋ ማለት ነው፤ የተተከለችው ወንበር መሬት ላይ የተነጠፈች አጎዛ ብትሆንም።

አጎዛ ካነሳሁ አይቀር ስለ አጎቴ ልናገር። ሰዉ የኔታ ይላቸው ነበር። እኔ ሞጣ አካባቢ ነው የተወለድኩት፣ እሳቸው ደግሞ ቢቸና በኩል ከዲማ ጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቁ ኖሩ። ዲማን ቅኔ ያልተማረም ሰው ቢሆን ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያውቀዋል። አጎቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ስሙ ራሱ ያስቀኛል፤ ቁም ጸሐፊ ተብለው ዕድሜያቸውን ሁሉ ተቀምጠው አሳለፉ። ብራናውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የቀለም ቀንዱን ከመሬቱ ላይ ተክለው፣ በመቃ ብዕር አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ጠረጴዛ የለ፣ መደገፊያ የለ። መደቡ ላይ አጎዛቸው ነበረች፤ እንግዳ ሲመጣ ዱካ ይሳብለታል፣ እሳቸው ግን ከአጎዛቸው ንቅንቅ አይሉም።

ታዲያ ስለ ወገቤ ያወራኋቸው ወዳጆቼ ወዲያው የሚሉኝ ይህንኑ ነው። «አባቶቻችን መሬት ላይ ተቀምጠው ወገብ አሞን አላሉም፤ ወንበር ነው ያጠፋን!» ይላሉ። ውሸት ነው። አጎቴ ስድሳ ሳይሞላቸው ጎብጠዋል። ማታ ማታ ወገባቸውን በቅቤ የማሽ ነበርኩና አውቃለሁ። ያኔ የወገብ ሕመም ስላልነበረ ሳይሆን የሚያወራው ሰው ስላልነበረ ነው። አንድ ነገር ግን እውነት አላቸው። አጎቴ ተቀምጠው አይውሉም ነበር። ቀለም ሲያልቅ ይነሳሉ፣ ብራና ፀሐይ ላይ ሊወጥሩ ይነሳሉ፣ ደወል ሲደወል ይነሳሉ። የቅኔ ተማሪውም ቢሆን ቅኔውን ሊቆጥር ጫካ ለጫካ፣ ገደል ለገደል ብቻውን ሲዞር ነው የሚውለው። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት የሚቆመውም መቋሚያ አለው፤ ሲደክመው ብብቱን፣ ሲብስበት አገጩን ያሳርፍበታል። ለቆመ ሰው መደገፊያ ያሰበ አገር ለተቀመጠው መደገፊያ መንፈጉ ይገርመኛል።

ወደ ፊዚዮቴራፒስቷ ልመለስ። ልጅቱ የፕላስቲክ አከርካሪ አምጥታ እያሳየች አስረዳችኝ። የሰው አከርካሪ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ አይደለም። ከወገብ ላይ ወደ ውስጥ ገባ ይላል፣ ቅስት ይሠራል። ተደላድለን ስንቆም ቅስቱ በቦታው ነው። ተቀምጠን ወደ ፊት ስናጎነብስ ይለጠጣል፣ አልፎም ወደ ኋላ ይቆለመማል፤ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክም ከፊት በኩል ተጨፍልቆ ወደ ኋላ ይገፋል። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍ ናከምሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሰዎች ዲስክ ውስጥ መርፌ አስገብቶ ግፊቱን ሲለካ፣ ሳይደገፉ መቀመጥ ከመቆም የበለጠ ጫና እንዳለው አገኘ። ኋላ የመጡ አጥኚዎች ልዩነቱ እሱ ያለውን ያህል ላይሰፋ ይችላል ብለዋል፤ ማጎንበስ ጫናውን እንደሚጨምር ግን እነሱም አግኝተዋል።

ቅስት ስትለኝ ትዝ ያለኝ ሰባራ ድልድይ ነው። የሞጣ ሰው ያውቀዋል። ከሞጣ ወደ ዓባይ ቁልቁል ወርዳችሁ የምታገኙት፣ ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኘው፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት ተብሎ ቅስቱ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሰባራ ድልድይ ሆነ። ሰዉ ለአሥርት ዓመታት የተሻገረው በገመድ ነው። እዚህ ማዶ የቆሙ ጎረምሶች፣ እዚያ ማዶ የቆሙ ጎረምሶች፣ መሐል ላይ ወገቡን የታሰረ ገበያተኛ። ልጅ ሆኜ አጎቴ ይዘውኝ ወርደው አይቻለሁ። አንዲት እናት ዶሮዎቻቸውን እንደታቀፉ ሲጎተቱ አየሁና አለቀስኩ፤ ዶሮዎቹ አሳዝነውኝ ነው። የድልድዩ ሌላው አካል እኮ ደህና ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ሰዉን ገመድ ላይ ያንጠለጠለው ያቺ የጎደለች ቅስት ናት። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ በ2009 በላዩ የገመድ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

እና ወንበር ፍለጋ ወጣሁ። ልጅቱ የሰጠችኝ መመሪያ በወረቀት ጀርባ ተጽፎ ኪሴ ውስጥ ነው። መርካቶ፣ የመጀመሪያው ሱቅ። ሻጩ አየኝና ቀጥታ ወደ ትልቁ ሌዘር ወሰደኝ። «ፋዘር፣ ይኼ የማናጀር ነው፤ ለእርስዎ የሚሆነው እሱ ነው።» ተቀመጥኩ። ሲቀመጡበት ያኮራል፣ መካድ አይቻልም። ግን የራስ መደገፊያው አንገቴን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ወገቤ ጋ ስደርስ ደግሞ ባዶ ነው፤ እጄን ከኋላዬ ብልከው ያለ ችግር ይገባል። መቀመጫው ጥልቅ ስለሆነ ጀርባዬን ላስደግፍ ስል ጠርዙ የጉልበቴን እጥፋት ይቆርጠኛል። በጠርዙና በጉልበት እጥፋት መካከል ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት፤ ያ ከሌለ ደም ሥር ይታፈናል፣ ሰውየውም ሳያውቀው ወደ ፊት ተንሸራቶ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ የገዛው መደገፊያም ከንቱ ይቀራል።

ሦስት ሱቅ ዞርኩ። አራተኛው ላይ ጀርባው መረብ የሆነ፣ ተራ መልክ ያለው ወንበር አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ ኸርማን ሚለር የሚባለው ኩባንያ ኤሮን የተባለውን የመረብ ወንበር ካወጣ ወዲህ ዓለም ሁሉ እሱን ሲቀዳ ኖሯል፤ የኔውም ከቅጂዎቹ የቅጂ ቅጂ መሆኑ ነው። ቢሆንም ወገብ የሚገፋው ክፍል ከፍና ዝቅ ይላል። ቀበቶዬ ትክክል ላይ አቆምኩት። ኮረንቲ እንደነካው ሰው ቀጥ አልኩ። የክንድ ማሳረፊያው ይስተካከላል፣ ጀርባው ትንሽ ወደ ኋላ ጋደም ይላል። እግሩ ባለ አምስት ነው፤ ጎማ ያለው ወንበር አራት እግር ብቻ ከሆነ ይገለብጣል፣ ተጠንቀቁ። ሱቁ ውስጥ ሩብ ሰዓት ተቀመጥኩ። ልጁ ትዕግሥቱ አለቀ። «ፋዘር፣ ሊያድሩበት ነው እንዴ?» አለኝ። በሁለት ደቂቃ የማይመች ወንበር የለም፤ ጉዱ የሚታየው ቆይቶ ነው።

ዋጋው የአንድ ወር ደሞዜን ወስዶ ከሁለተኛውም ላይ ቆረሰ። ባለቤቴ ሰምታ ዝም አለች። የባለቤቴን ዝምታ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቢሮ ሳመጣው ጥበቃው በር ላይ አስቆመኝ። «ጋሼ፣ ይኼን ላስገባ ብል ሲወጣ የማን ነው እባላለሁ» አለ። እውነቱን ነው። ንብረት ክፍል ሄጄ የግል ንብረት መሆኑን አስጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ አስገባሁት። እስከ ምሳ ሰዓት ወሬው ሦስተኛ ፎቅ ደርሷል፤ «ሰውዬው ወንበር ፈልጓል!» ቀልዱ ቀልድ ብቻ አልነበረም። አለቃችን በኮሪደር ሲያልፉ ቆም ብለው አዩት፤ የኋላውን ከፍታ ከራሳቸው ጋር ሲያስተያዩ ታወቀኝ። የእኔው ትከሻ ላይ ነው የሚቀረው። እፎይ ብለው አለፉ።

አንድ ነገር አጥፍቼ ነበር። ጠረጴዛውን ረስቼዋለሁ። የቢሮ ጠረጴዛ ቁመቱ ወደ ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው፤ እኔ አጭር ነኝ። ክንዴ ከጠረጴዛው እንዲስተካከል ወንበሩን ከፍ ሳደርግ እግሬ ተንጠለጠለ፤ እግሬን ላሳርፍ ዝቅ ስል ትከሻዬ ተሰቀለ። ወንበሩን ከፍ አድርጌ ከእግሬ ሥር ሁለት ባኮ ወረቀት ደረደርኩ። ኮምፒውተሩንም በድሮ መዝገበ ቃላት ከፍ አደረግኩት፤ የስክሪኑ አናት ከዓይን ጋር መግጠም አለበት ተብያለሁ። በየግማሽ ሰዓቱ ደግሞ መነሳት አለ። ይህችን ከአጎቴ የወሰድኳት ብል አይበዛም።

እትዬ አንድ ጠዋት ፋይል ልትሰጠኝ መጣች። «እስኪ» አለች። ተነሳሁላት። ተቀመጠች፣ ወደ ኋላ ለጠጥ አለች፣ መደገፊያው ወገቧን ሲያገኘው ዓይኗን ጨፈነች። ብዙ ቆየች። ስልኳ ከወዲያ ቢሮ ይጮሃል፤ አልተነሳችም።

«ሀያ ሰባት ዓመት» አለች መጨረሻ ላይ። «አንተ፣ ሰው እንዲህ ነው እንዴ የሚቀመጠው?»

ምን እንደምላት አጣሁ። ጡረታዋ አሥር ወር ነው የቀረው። የዚያን ቀን ከሰዓት ማመልከቻ ጻፍኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92ን ጠቀስኩ፤ አሠሪው የሥራው ሂደት በሠራተኛው ጤና ላይ ጉዳት እንዳያደርስ መጠንቀቅ አለበት ይላል፣ ከጉዳቶቹም መካከል ከኬሚካሉ ጋር እኩል ኤርጎኖሚክ የሚባለውን፣ ማለትም ከአቀማመጥና ከሥራ ዕቃ አለመመቸት የሚመጣውን ይቆጥራል። ብዙ ሰው አንቀጹ ማሽን ላለበት ፋብሪካ ብቻ ይመስለዋል። ማመልከቻው ላይ ቀይ ቀለም ተጽፎበት ተመለሰ፤ «በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል።» እትዬ ያኔ የለችም።

እናም ተማከርን። ደብዳቤ የሚበዛው ጠዋት ስለሆነ እስከ ምሳ ወንበሩ የእሷ ነው። እኔ ጠዋት እርማቱን መስኮቱ ዘንድ፣ የፋይል ካቢኔው ላይ ወረቀት ዘርግቼ ቆሜ እሠራለሁ፤ ቁም ጸሐፊ ሆኛለሁ ማለት ነው። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ኮሪደሩን እየገፋሁ መልሼ አመጣዋለሁ። እትዬ ከእኔም ታጥራለች። ስቀመጥ ጉልበቴ ወደ ደረቴ ይመጣል፤ እጄን ወደ ታች እሰድና ማንሻዋን እስባለሁ።